አንገት ደፊ በቀትር

ሠዓሊዋ ብሩሿን አጥባ በጨርቅ ስታደርቅ ባሏ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ሥዕሉን አየና መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አደረገው። አብረው ብዙ ዓመት ስለኖሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። መነጽሩን የሚጠርገው ሊናገረው ያሰበው ነገር ሲከብደው ነው።

«ቆንጆ ነው» አለ።

«በል ቀጥል። ‹ግን› ቀርታሃለች።»

«አንገቷ።»

«አንገቷ ምን ሆነ?»

«ቀና ብሏላ! አንገት ደፊ እኮ ናት። ስሟም አንገት ደፊ፣ ግብሯም አንገት ደፊ። ወደ መሬት ነው የምታየው። ይቺ ያንቺዋ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ተገትራለች።»

«እኔ ያየኋት ተገትራ ነው» አለችና የብሩሹን ጫፍ በጣቶቿ አሹላ ማሰሮው ውስጥ አቆመችው።

ባልየው የዕፅዋት ሊቅ ነው። በጋ በገባ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ተራራ ይወጣል፣ አበባ እየለየ ይመዘግባል፣ ከቀትር በፊትም ቤቱ ይገባል። በዚህ ልማዱ ተማሪዎቹ «ዶክተር ማለዳ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ በልቡ ይኮራበታል። ሚስቱ ደግሞ ከማግባቷ በፊት ጀምሮ በሕክምና ትምህርት ቤት የሰውነት ክፍሎችን ትስል ነበር፤ ኩላሊት፣ ጉልበት፣ የእጅ ጅማት። አንድ ጊዜ አንድ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም «ኩላሊቱን መጽሐፉ ላይ እንዳለው አድርጊው» ቢላት፣ «መጽሐፉ ታሞ አልመጣም፤ የመጣው ሰውዬው ነው» ብላ የሳለችውን ሳትነካ ትታዋለች። ሐኪሙ ለሳምንት ያህል ሰላምታ ነፈጋት። ከዚያ በኋላ ግን ሥዕል በፈለገ ቁጥር ከእሷ ሌላ አልጠየቀም።

አሁን ሁለቱ አንድ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነው። ሳይንቲስት ላልሆነ ሰው፣ በእረፍት ቀኑ ተራራ ወጥቶ «ይቺ አበባ ማን ትባላለች?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሆን መጽሐፍ። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትስላለች። የመጽሐፉ ልብ «መለያ» ያሉት ክፍል ነው። ጥያቄ እየጠየቀ አንባቢውን ከአበባው ስም ያደርሰዋል። አበባዋ ነጭ ናት? ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሂድ። አንገቷን ደፍታለች? እንግዲያው አንገት ደፊ ናት። ቀና ብላለች? እንግዲያው የበረዶ ጽዋ ናት። ሁለቱ መንታ ይመስላሉ፤ ነጭ፣ ባለ ስድስት የአበባ ቅጠል፣ እኩል ቁመት። ባልየው በአንገታቸው ለይቷቸው ነበር፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

«በዚህ ሥዕል መጽሐፉን የያዘ ሰው ይስታል» አለ ባልየው። «አንቺ የሳልሽው የበረዶ ጽዋን ነው።»

«ያመጣህልኝን ነው የሳልኩት። በእጅህ፣ በቆርቆሮ ሣጥን፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ። ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። ያየሁትን ሳልኩ።»

«ብርጭቆ ውስጥ ያለ አበባ ሆስፒታል እንደተኛ ሰው ነው፤ ስለ ጤነኛ አይመሰክርም። እኔ ተራራው ላይ ስንትና ስንት በጋ አይቻታለሁ፤ አንድም ቀን ቀና ብላ አላየኋትም።»

«አንተም አትዋሽም፣ እኔም አልዋሽም» አለች። «ስለዚህ አንገቷን አጥፌ አልስልም። ያላየሁትን ስዬ ስሜን አልፈርምም። አስገድድሻለሁ ካልክ ደግሞ አታስገድደኝም፤ ሥዕሎቼን ሁሉ በካርቶን አድርጌ እወጣለሁ፣ መጽሐፍህም ያለ ሥዕል ይታተማል።»

ይህን ያለችው ሳትጮህ ነው። ብትጮህ ኖሮ ባልየው ባልፈራ።

ስልኩ ጮኸ። አታሚው ነበር፤ ሲናገር ትንፋሽ የማይወስድ ወጣት።

«እትዬ፣ በፈጠረዎት! ማሽኑን ለእናንተ ብዬ አቁሜዋለሁ። የሠርግ ካርድ መልሻለሁ፣ ይሰማሉ? የሠርግ ካርድ!»

«ሙሽሮቹን ታገሡ በላቸው፤ ትዳር ትዕግሥት ነው። ዶክተር ደግሞ ‹የአበባዋን አንገት አጉብጪ› ይለኛል።»

«አንገት ብቻ ነው የቀረው? ታዲያ አንገት ማጉበጥ ምን ያቅታል? እኔን ሚስቴ በአንድ ዓመት አጉብጣኝ የለ?»

«አንተ ልጅ፣ ሰኞ ጠዋት ሥዕሉን ታገኛለህ።»

«ቀና ብሎ ወይስ ጎብጦ?»

«እንደ እውነቱ ሆኖ» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ነገ እኔም እወጣለሁ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን ለኔ ተወው። ስዬው ስለማውቅ የትኛው ቦታ እንደሚያመኝ አሳምሬ አውቃለሁ።»

በማግስቱ መኪናቸውን ተራራው ግርጌ ካለችው የእንግዶች ማረፊያ አቆሙ። የማረፊያዋ ጠባቂ ክንዷ የፈረጠመ፣ ሳቋ የማያልቅ ሴት ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታይ እጇን በወገቧ ላይ አደረገች።

«ዶክተር ማለዳ ዛሬ ሰው አስከትለው መጡ! እኔ እኮ ከአበባ ሌላ ዘመድ የለዎትም ብዬ ነበር።»

«ባለቤቴ ናት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ደበቋት? በሉ እትዬ፣ ይበርቱ። እሳቸውን ግን ዝናብ ሳይመጣ ያውርዱልን። ከቀትር በኋላ እዚህ ተራራ ላይ ደመና አይታመንም። እሳቸውም ዝናብ እንደ ድመት ነው የሚፈሩት።»

መንገዱ መጀመሪያ ላይ በጥድ መሃል ያልፋል፤ ከዚያ ዛፉ አጥሮ አጥሮ ሣርና ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ሠዓሊዋ በዱላ እየተደገፈች ቀስ ብላ ወጣች። ለሥራዋ ስትል ዓመታት ሙሉ ስታያቸው የኖረቻቸው አበቦች በየቦታቸው ቆመው ተቀበሏት። ሰውን በፎቶግራፍ ብቻ አውቆ ድንገት ቤቱ እንደ መግባት ነበር። ባልየው ዝም ማለት ስለማይችል እንደ ተማሪ ይፈትናት ጀመር።

«ይቺስ?»

«አገዳዋ ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሏ ሲታሽ ይሸታል። ሐምራዊ ቀለሟን እስካገኝ ያነጫነጨችኝ እሷ ናት።»

«ይቺስ፣ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ያለችው?»

«ሮዛ ትራስ የምትመስለው። ይህን ያህል ታንሳለች እንዴ? አጉልቼ ስዬያታለሁ ለካ።»

«መጠኗን ከሥር ጽፌዋለሁ፣ አትጨነቂ። ያቺስ ቢጫዋ?»

«እሷን አልነግርህም፤ ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ሙጫ ያለው ቅጠል። ትንኝ ትይዛለች።»

«እንዳንተ። እኔም እንዲሁ ተጣብቄ ቀረሁ።»

እየሳቁ ወጡ። ከጫፉ በታች ባለች ጎድጓዳ ሜዳ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ፤ የመጡለት ቦታ ነውና። የተራራው ጫፍ በምሥራቅ በኩል እንደ ግድግዳ ስለቆመ ሜዳዋ ገና ጥላ ውስጥ ናት። ሣሩ ላይ ጤዛ አለ። በሣሩ መሃል ነጫጭ አበቦች ተበትነዋል፤ ሁሉም፣ አንዲትም ሳትቀር፣ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ባልየው እጁን፣ ቤቱን ለእንግዳ እንደሚያሳይ ሰው፣ ዘረጋ።

ሠዓሊዋ በደህናው ጉልበቷ ተንበረከከች። እርሳሷን አውጥታ ከአንዷ አበባ አጠገብ ቀጥ አድርጋ ያዘችና የአንገቷን እጥፋት ለካች። ከአገዳው ጫፍ ላይ ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የአበባዋ አፍ መሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ደፍታለች» አለች።

«እንግዲህ?»

«እንግዲህ እቀመጣለሁ።»

«ለምን?»

«አንገት ደፊ አገር አጥፊ ሲባል አልሰማህም? ይህን የመሰለ ትሕትና አላምንም።» ሻርፗን ድንጋይ ላይ አንጥፋ ተቀመጠች።

ጊዜው ሄደ። ባልየው እንደ ልማዱ ሁለት አበቦች ለቅሞ በጋዜጣ መሃል ጫነ፣ ጻፈ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። ፀሐይ ከጫፉ ኋላ ብቅ ልትል ስትል ነጭ ደመና መጥቶ ሸፈናት። ሜዳዋ እንደቀዘቀዘች ቀረች፤ አበቦቹም እንደደፉ ቀሩ።

«ይበቃል» አለ። «አየሻቸው። በዚህ ሰዓት እኔ ሁልጊዜ ወርጄ መንገድ ላይ ነኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ዝናቡ...»

«ከዚህ ሰዓት በኋላ እዚህ ሜዳ ቆይተህ ታውቃለህ?»

 «አላውቅም» አለ፤ የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው አልነበረም።

«ቤት ስትደርስ ምን ታደርጋለህ?»

«ታጥቤ እተኛለሁ።»

«እኔስ?»

«ትስያለሽ።»

«በቀትር፣ በመስኮቱ ፀሐይ። ተኝተህ ስትነሣ መሽቷል። አንተ አበባዋን በቀትር አይተሃት አታውቅም፤ ተራራም ላይ፣ ቤትም ውስጥ።»

«በሙቀት ነው ቀና ያለችው ልትይኝ ነው?»

«ምንም አላልኩም። ቀትርን ጠብቄ አያለሁ ነው ያልኩት። ከፈለግህ ውረድ።»

አልወረደም። ግን አልተቀመጠምም። ቦርሳውን ተሸክሞ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። ሠዓሊዋ ልቧ አልተረጋጋም ብንል ውሸት ይሆናል። ቢያንስ ዓይኗን ታምናለች፤ ብርጭቆዋ ውስጥ ያየችውን አይታለች። የማታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏ እንዳለው ብርጭቆው አታሏት እንደሆነ። እንደዚያ ከሆነ የአንገቱን እጥፋት አሁን አይታዋለችና እቤቷ ገብታ ታርመዋለች፤ ትፈርምማለች። ለእሱ ግን ከዚህ የከበደ ነው። አንገቷ ቀና ካለ መለያው ከሥሩ ይናዳል።

ደመናው ተቀደደ።

ፀሐይዋ ሜዳዋ ላይ እንደ ሙቅ ውሃ ፈሰሰች፤ ጤዛው ጠፋ፤ ንቦች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ መጡ። ሠዓሊዋ እርሳሷን ካበባዋ አጠገብ አቁማ ለካችና ትንሿ ወረቀቷ ላይ የአንገቷን መስመር አሰመረች። ቆይታ ሌላ መስመር አሰመረች። ቆይታ ሌላ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እኔን አትየኝ፤ እሷን እይ።»

ባልየው ቦርሳውን ጣለ። መጀመሪያ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ተንበረከከ፣ በመጨረሻ በደረቱ ተኛ። እንቅስቃሴው በዓይን አይያዝም፤ እንደ ሰዓት ትንሿ ዘንግ ነው። ግን አንዴ ወደ ንቡ፣ አንዴ ወደ ደመናው አይቶ ሲመለስ አንገቷ ቦታውን ለቋል። መሬት ስታይ የነበረችው አሁን የድንጋዮቹን እግር ታያለች፤ ከዚያ ድንጋዮቹን፤ ከዚያ እሱን። ቀትር ሲሆን ሜዳዋ በሙሉ ቀና ብላ፣ ስድስት ስድስት ቅጠሏን ዘርግታ ወደ ፀሐይ ተገትራ ነበር። ልክ እንደ ሰልፈኛ ወታደር።

መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሚስቱም አላቻኮለችውም፤ ማሸነፍን ታውቅበታለችና።

«እንግዲያው ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «የበረዶ ጽዋ የሚባል የለም። አንድ አበባ ነው ሁለት ስም ሰጥቼ...»

«የበረዶ ጽዋ የት ነው ያለችው?»

«ያ ድንጋይ ከታለፈ በኋላ፣ ዳገቱ ጠርዝ ላይ። ስወርድ ነው የማያት።»

«ተነሥ።»

ጠርዙ ሩቅ አልነበረም፤ ለጉልበቷ ግን ሩቅ ነበር። ሲደርሱ የበረዶ ጽዋዎቹ እንደወትሮው ቀና ብለው ቆመዋል። ባልየው ወደ ምሥራቅ ዞረ። ከፊቱ የሚከልል ምንም የለም፤ ከሥር ሸለቆ፣ ከላይ ሰማይ። ጭንቅላቱን መታ መታ አደረገ።

«እዚህ ፀሐይ ገና ከአድማስ ስትወጣ ነው የምትደርሰው። ሜዳው ላይ ግን ጫፉ ይከልላታል። በማለዳ አንዷን ጥላ ውስጥ፣ አንዷን ፀሐይ ላይ ነው ሳያት የኖርኩት። አበቦቹን የለየሁ መስሎኝ የተራራውን ጥላ ነው የለየሁት!» ከዚያ፣ እሷም ሳትጠብቀው፣ ሳቀ። እውነተኛ ሳቅ፣ ትከሻውን የሚያንቀጠቅጥ። «ዶክተር ማለዳ! አቤት ውርደት!»

«ውርደት የለበትም። አንድ አይደሉም።»

«እንዴት?»

«ብርጭቆ ውስጥ ሆነው ሁለቱንም ስያቸዋለሁ። የአንገት ደፊን ጀርባ ስስል ከሁሉ የቀጠነውን ብሩሽ ነው ያወጣሁት፤ ጸጉር...»

«ጸጉር አለባት!» አለ፤ ከአፏ ነጥቆ። «የአበባ ቅጠሏ ጀርባ ጸጉራም ነው፤ የበረዶ ጽዋ ግን ልሙጥ! ጽፌዋለሁ እኮ! ከታች፣ ተጨማሪ ምልክት ብዬ። ጋዜጣ መሃል ሲጫኑም የማይጠፋ ምልክት! ምን አባቴ ሆኜ ከታች አደረግሁት?» አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ የአንዷን ጀርባ አየ፤ ልሙጥ ነበር። ሌላዋን አየ፤ ልሙጥ። ከሜዳው ለቅሞ በጋዜጣ መሃል የጫናትን አንዲት አንገት ደፊ ገልብጦ አየ፤ ጥሩ ብርሃን ላይ የብር ክር የመሰለ ጸጉር ነበራት። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ መለያውን እንደገና ጻፈው። እጁ ፈጣን ነበር። ሁለት ጥያቄ ሰርዞ አንድ ተካ። ጨርሶ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አንድም የሚያደናቅፍ ቃል አልነበረበትም።

«ሥዕልሽ ትክክል ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ትክክል ግን ግማሽ ነው። ሰው ሁሉ በቀትር አይመጣም። እንደኔ ያለ ማለዳ የሚመጣ ሞልቷል፤ ደፍታ ሲያያት ‹መጽሐፉ ዋሸኝ› ይላል። አንድ ቀና ያለች፣ አንድ የደፋች፣ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው።»

አሰበችበት። ይህን የተናገረው ለግትርነት ቢሆን ኖሮ መልስ ነበራት። ግን እውነቱን ነው። ብርጭቆዋን አምና ተራራውን ዘላዋለች፤ ደግሞም ጠዋት ጥሩ አድርጋ ያየችውን እጥፋት የሳለችው በመስመር ብቻ እንጂ በብርሃንና በጥላ አልነበረም።

«ልክ ነህ» አለች። «ግን በትዝታ አልስልህም። የደፋችዋን ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነው የምስላት። ወረቀቱንም ቀለሙንም ይዤዋለሁ።»

«አሁን ሁሉም ቀና ብለዋላ! ነገ ጠዋት...»

አልጨረሰም። ብርሃኑ ጠፋ። ከሸለቆው ማዶ ጥቁር ደመና ተነሥቶ ፀሐይዋን ውጧታል፤ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ባልየው በልማድ ቦርሳውን ላፍ አድርጎ አነሣ።

«እንውረድ! ቶሎ!»

«ቆይ» አለች። «እያቸው።»

የበረዶ ጽዋዎቹ አንገታቸውን መድፋት ጀምረው ነበር። እነሱም ደፊዎች ናቸው። ሁለቱም ይደፋሉ፣ ሁለቱም ቀና ይላሉ። ባልየው ደመናውን አየ፣ አበቦቹን አየ፣ ሚስቱን አየ። እሷ ግን ዱላዋን ይዛ ወደ ጎድጓዳዋ ሜዳ እየተመለሰች ነበር።

«አንቺ ሴትዮ! ትበሰብሻለሽ!»

«ታዲያ ከማን ጋ ልብሰብስ?»

ሲደርስ ሻርፗን አንጥፋ ተቀምጣ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንዷን አንገት ደፊ ፊት ለፊት ይዛለች። ቀለሙን በምራቋ አርጥባለች። የአበባዋ አንገት ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር፤ ሠዓሊዋም አልቸኮለችም፣ እሷ ስትወርድ አብራት ወረደች። የመጀመሪያው ጠብታ ድንጋይ ላይ ጠብ ሲል አገዳውን ጨርሳለች። ሁለተኛው ሲመጣ የቅጠሉን ጀርባ ጀምራለች፤ አሁን አበባዋ ፊቷን ስለሰወረች የሚታየው ጀርባዋ ነውና፣ ጸጉሩም እንደ ብር ክር ቁልጭ ብሏል። ከሁሉ የቀጠነውን ብሩሽ አነሣች።

ዝናቡ ወረደ። ባልየው ኮቱን አወለቀ፤ በሁለት እጁ ወጥሮ ወረቀቱ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋው፤ ራሱ ግን ከኮቱ ውጪ ነበር። ውሃው ከጸጉሩ ወደ መነጽሩ፣ ከመነጽሩ ወደ አፍንጫው ወረደ።

«ትፈርሚበታለሽ ወይ?» አለ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ሁለቱንም አይቻለሁ። እፈርማለሁ።»

«በይ እንግዲያው ፍጠኚ።»

«አንተ ደግሞ ኮቱን ወደ ቀኝ አድርገው» አለች ዓይኗን ካበባዋ ሳትነቅል። «ብርሃኔን ጋርደኸዋል።»

ወደ ቀኝ አደረገው።